የሐይቅን ዳርቻ ለእግረኛና ለወፍ እንተውለት

ለዒድ ከውጭ አገር የመጣች የአጎቴ ልጅ፣ ደሴ ቡና ላይ ተሰብስበን ሳለ የስልኳን ፎቶ አሳየችን። ከባሕር ውስጥ ቀጥ ብሎ የወጣ ገደል፣ በየስንጥቁ የታጨቁ የባሕር ወፎች፣ ከሥሩ በአሸዋው ላይ የሚንሸራሸር ሰው። «ምነው እኛም ዘንድ እንዲህ ያለ በኖረ!» አለች።

ባሕር የለንም። ገደልና ወፍ ግን ሞልቶናል። የባሕር ወፍ ገደል ላይ የሚፈለፍለው ቀበሮም አይጥም እንዳይደርስበት ነው። የእኛ ጋጋኖም፣ ያ ጎህ ሲቀድ እየጮኸ የሚያልፈው ወፍ፣ በዚያው ምክንያት በገደል ላይ በመንጋ ጎጆ ይሠራል። ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ውጭ በዓለም የትም የለም። በግሸን ወይም በደላንታ ጠርዝ ላይ የቆመ ሰው አሞራን ከላይ ወደ ታች ያየዋል፤ ክንፉን ከጀርባው በኩል ማየት ብርቅ ነገር ነው።

ውሃውስ? ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ሄዶ ስሙም «ሐይቅ» የተባለው ሐይቅ አለ። ጥልቀቱ ከ80 ሜትር ይበልጣል። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አቡነ ኢየሱስ ሞዓ ያስተማሩበት የእስጢፋኖስ ገዳምም እዚያው ነው። እኛ ግን የምንሄደው ዓሣ በልተን ለመመለስ ነው። በዳርቻው ልራመድ ያለ ሰው ብዙም ሳይርቅ ማሳ ይገጥመዋል፤ እርሻው እስከ ውሃው አፍ ወርዷል።

ይህ የሽርሽር ጉዳይ ብቻ አይደለም። ሐይቁ መውጫ ወንዝ የለውም። ከጎረቤቱ ከአርዲቦ ሐይቅ በኩል የሚወርደው ውሃም፣ ጎርፍ ከየማሳው ጠርጎ የሚያመጣው አፈርና ማዳበሪያም፣ የጣልነው ፕላስቲክም ገብቶ እዚያው ይቀራል። ከውሃው ዳር ጥቂት ሜትር ሳይታረስ ቢቀርና ፊላው ቢያገግም፣ አፈሩን ይይዛል፤ ወፉም ጎጆ ይሠራበታል። በመሀሉ ቀጭን የእግር መንገድ ይበቃል፤ ሆቴል መደርደር አያስፈልግም። መሬቱን የሚለቀው ገበሬ ግን ተገቢውን ካሳ ያግኝ። ያለዚያ እኔም አልደግፈውም።

ልጅቱ ከመመለሷ በፊት በማለዳ ወሰድኳት። መንገዱ ጤፍ ማሳ ላይ አለቀብን። ልንመለስ ስንል አንድ አዛውንት ገበሬ ሞፈራቸውን አቁመው «ወፎቹን ብላችሁ ከሆነ በዚያ በዋርካው በኩል ዙሩ፤ ንስሩ አሁን ዓሣ የሚያወጣበት ሰዓት ነው» አሉን። እውነታቸውን ነበር።