ማንጎው የነበረበት ግቢ

ከባሕር ዳር ከወጣሁ አሥራ አንድ ዓመት አለፈኝ። የምኖረው ጀርመን አገር፣ ላይፕዚግ ከተማ ነው። ቤቴ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። በመስኮት ስመለከት ከባቡር ሐዲዱ ማዶ የጓሮዎች መንደር ይታየኛል። ጓሮዎቹ በቁጥቋጦ አጥር ተከፋፍለዋል። በእያንዳንዱ ውስጥ አንዲት ትንሽ የእንጨት ቤት አለች። በመጣሁ ሰሞን የድሃ ሰፈር መስሎኝ ነበር። በዚህ ሀብታም አገርም እንዲህ የሚኖር ሰው አለ ብዬ አዘንሁ።

ነገሩ ሌላ ነው። እዚያ የሚኖር ሰው የለም። የጓሮዎቹ ባለቤቶች እንደኔው ፎቅ ላይ የሚኖሩ መምህራን፣ ነርሶች፣ ሾፌሮች፣ ጡረተኞች ናቸው። ቅዳሜና እሑድ እየመጡ ድንች ይኮተኩታሉ፣ ፖም ይለቅማሉ፣ ከዛፍ ሥር ተቀምጠው ይውላሉ። መሬቱ በማኅበር በኩል የተከራዩት ነው። ወረፋው ረጅም ነው። ዓመታት የጠበቁ ሰዎች አውቃለሁ።

ሽሬበርጋርተን ይሉታል። ስሙ የመጣው ሞሪትዝ ሽሬበር ከሚባል የላይፕዚግ ሐኪም ነው። በስሙ የተጠራው የመጀመሪያው ማኅበር እዚሁ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1864 ተቋቋመ። ሲጀመር የልጆች መጫወቻ ሜዳ ነበር። ልጆቹ አትክልት እንዲንከባከቡ ከሜዳው ዳር መደብ ተበጀላቸው። ልጆቹ ሲሰለቹ ወላጆቻቸው ተረከቡት። በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች ጊዜ ስንት ከተሜ ረሃቡን የተሻገረው በእንዲህ ያለ ጓሮ ድንችና ጎመን ነው።

እኔን የገረመኝ ሕጉ ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣ ሕግ አላቸው። አንዱ ጓሮ ከ400 ካሬ ሜትር እንዳይበልጥ ይላል። ጎጆዋ ከነበረንዳዋ ከ24 ካሬ ሜትር አትበልጥም። መኖሪያ ማድረግ ክልክል ነው። ከመሬቱ ሲሶው ደግሞ የሚበላ ነገር የሚበቅልበት መሆን አለበት። ሣር ብቻ ዘርቶ የተቀመጠ ሰው ከማኅበሩ ደብዳቤ ይደርሰዋል። ትንሽ ሆኖ መኖርን በሕግ አጥር አጥረውለታል ማለት ነው።

ከሕንጻችን አንደኛ ፎቅ የሚኖሩ አንዲት ጡረተኛ እናት ጓሮ አላቸው። ከሰባ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። ሁልጊዜ ነሐሴ ላይ የፕሪም ማርማላታ ይሠራሉ። አንድ ጊዜ አግዘኝ ብለው ወሰዱኝ። ፍሬውን ሰነጠቅን፣ ዘሩን አወጣን፣ ከስኳር ጋር በትልቅ ድስት ጣድነው። እሳቸው በእንጨት ማንኪያ እያማሰሉ ቆሙ። ሲወፍር ጠብታውን ቀዝቃዛ ሳሕን ላይ ጣል አደረጉና በጣታቸው ገፋ አደረጉት። ጠብታው ሲጨማደድ "በቃው" አሉ። በጠርሙስ ሞላነው፣ በላዩ ቀኑን በእጃቸው ጻፉበት። አንዱን ጠርሙስ ሲሰጡኝ "የራሴ ነው" አሉኝ። ሱቅ ውስጥ ማርማላታ ርካሽ ነው። የመግዛት አቅሙም አላቸው። ያን "የራሴ" የሚለውን ቃል ያሉበት ኩራት ግን ከጆሮዬ አልጠፋም።

እናቴን አስታወሰኝ። እናቴ ሽሮ ስታዘጋጅ ሳምንት ይፈጅባታል። አተሩን ታጥባለች፣ ታምሰዋለች፣ ትከካዋለች፣ ትነፋዋለች። በርበሬው፣ ነጭ ሽንኩርቱ፣ ዝንጅብሉ፣ በሶብላው፣ ኮረሪማው ለየብቻው ተዘጋጅቶ ይደርቃል። ከዚያ ወፍጮ ቤት ይሄዳል። ማርማላታ ከዚህ ጋር ሲተያይ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። እናቴ ግን "የራሴ ነው" ብላ አታውቅም። እንግዳ ሲመጣ የሸክላውን ድስት ወደ ማጀት ትመልሰዋለች። የሱቁን ብስኩትና ለስላሳ ታቀርባለች። "ምን ይሉናል?" ትላለች።

ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። ሁለቱም ሴቶች በእጃቸው ይሠራሉ፣ ሁለቱም ምንም ነገር አይጥሉም። የአንዷ ሙያ ሲያስከብራት የሌላዋ ያሳፍራታል።

እንጀራ መጋገር የተማርሁት እዚያው ጀርመን ነው። አገር ቤት ወንድ ልጅ ማጀት ገብቶ ሊጥ አይነካም፤ እኔም አልነካሁም። እዚያ ግን የሚጋግርልኝ አልነበረም። እናቴ በስልክ አስተማረችኝ። የመጀመሪያው ወር የጋገርሁት ሁሉ ዓይን የሌለው፣ ምጣዱ ላይ የሚለጠፍ ነበር። አንድ ማታ ቪዲዮ አብርቼ አሳየኋት። ገና ስታየው "አብሲት አልጣልህም አይደል?" አለችኝ። አልጣልሁም ነበር። የተቦካውን ሊጥ ውኃውን ማጥለል፣ ጥቂት ቀንሶ በፈላ ውኃ ማብሰል፣ በረድ ሲል መልሶ መቀላቀል፣ ኩፍ እስኪል መጠበቅ። በማግስቱ ጣልሁ። ምጣዱ ላይ ሳዞረው ዓይኑ አንድ በአንድ ፈጠጠ። ስልኩን አስጠግቼ አሳየኋት። "እሰይ! እጅህ ይባረክ" አለች። በሕይወቴ ካገኘኋቸው ሰርተፊኬቶች ከዚህ የሚበልጥብኝ የለም።

ወደ ቁም ነገሬ ልግባ።

ከአምስት ዓመት በፊት ለእናቴ ገንዘብ ላክሁ። ግቢው ሲሚንቶ ይሁን፣ ከኋላ ሦስት የሚከራዩ ክፍሎች ይሠሩ አልሁ። ሐሳቡም ገንዘቡም የኔ ነበር። ክረምት ክረምት ከጭቃ ትገላገላለች፣ በኪራዩም ትጦራለች ብዬ ነው። ለክፍሎቹ ቦታ የያዘው ማንጎ ተቆረጠ። ጌሾውም ተነቀለ። በጀርባ በኩል የነበረው የጎመን መደብ ሲሚንቶ ለበሰ። እናቴ በስልክ "አምሯል፣ ተመስገን" አለችኝ። እኔም ደስ አለኝ።

አገር ቤት ስመለስ ነው ያየሁት። ባሕር ዳር ሙቀት ነው። ያ ግቢ ከረፋዱ ጀምሮ እንደ ምጣድ ይግላል። ማንጎው ሥር ቡና ይፈላ ነበር። ማንጎው ሥር ጎረቤት ተሰብስቦ ጥጥ ይፈተላል፣ ስፌት ይሰፋል፣ ሽሮ ይለቀማል። አሁን እናቴ ቤት ውስጥ መጋረጃ ዘግታ ቴሌቪዥን ታያለች። ለበርበሬ ማስጫ ሲሚንቶው ይመቻል፣ አልዋሽም። ኪራዩም ያግዛታል። ግን ያ ዛፍ ጥላ ብቻ አልነበረም። ሙያው ከእናት ወደ ልጅ የሚያልፈው እዚያ ሥር ነበር። የእኅቴ ልጅ አሥራ አራት ዓመቷ ነው። እንዝርት ይዛ አታውቅም። የት ተቀምጣ፣ ከማን አይታ ትያዝ?

ሁለት ቤት አልፈው የሚኖሩ የሰፈራችን እናት ግን ዛሬም ይፈትላሉ። ጠይቄያቸው ሄድሁ። ባዘቶውን በግራ እጃቸው ይዘው፣ እንዝርቱን ጭናቸው ላይ ሾር አድርገው ይለቁታል። ክሩ ከጣታቸው መሐል እንደ ጭስ ቀጥኖ ይወጣል። ጋቢ አሠራሁ። ድሩ የፋብሪካ ክር ነው፤ ማጉ የሳቸው ፈትል። ከተማችን እንኳ ክርን በደንብ ታውቃለች። ከጣሊያን የጦር ካሳ በተገኘ ገንዘብ የተሠራው የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የስንቱን ቤተሰብ እንጀራ እንደጋገረ የአገሬው ሰው ያውቀዋል። ዋጋውን ስጠይቃቸው አፈሩ። "የፈለግኸውን ስጠኝ ልጄ፣ የቤት ሥራ አይደል" አሉ። የሁለት ወር ድካማቸው ነው። ጀርመን አገር በእጅ የተሠራ ካልሲ ከፋብሪካው ብዙ እጥፍ ዋጋ አለው፤ የሠራችውም ሴት ዋጋዋን ስትናገር ዓይኗን አትሰብርም።

ይህ ሐፍረት ከየት መጣ? ዛሬ የመጣ አይደለም። ሸማኔውን፣ ቀጥቃጩን፣ ሸክላ ሠሪዋን ስንሰድብ የኖርን ሕዝብ ነን። ዳግማዊ ምኒልክ ባለ እጅን በሥራው የሚሰድብ እንዲቀጣ አዋጅ ማስነገር ድረስ ሄደዋል። ጣና ዳር ታንኳ የሚሠሩትን የወይጦ ሰዎች ተመልከቱ። ደንገሉን አጭደው፣ አድርቀው፣ በነዶ በነዶ አስረው፣ ያለ አንድ ሚስማር ሐይቅ የሚሻገር ነገር ይሠራሉ። ማታ ውኃው እንዲንጠፈጠፍ ታንኳውን አቁመው ያደርቁታል። ፎቶ የሚነሳው ታንኳው ነው። ሠሪዎቹን ግን ስንቶቻችን በአንድ ማዕድ ጋበዝናቸው? በዚያ ላይ ደንገሉ እየሳሳ ነው። የሐይቁ ዳር እየታረሰ ነው፤ እምቦጩም አለ።

በሁለተኛው ሳምንት ጣና ዳር ወዳለው ወደ ዘጌ ሄድሁ። ጎብኝ ስለጠፋ ጀልባው ላይ የነበርነው የአገሬው ሰዎች ብቻ ነን። ከአንድ ሰዓት በኋላ ደረስን። ከጀልባው ወርጄ ወደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ገዳም የሚወስደውን ዳገት ስይዝ አየሩ ተለወጠ። ዋንዛው ከላይ፣ ቡናው ከሥሩ። ከሐይቁ ማዶ ያለው አገር ዛፉ አልቆ ሲራቆት ዘጌ ደን ሆኖ ቀርቷል። ምክንያቱን ልጅ ሳለሁም እሰማው ነበር፤ ትርጉሙ የገባኝ ግን አሁን ነው። ዘጌ ላይ በሬ ጠምዶ ማረስ አይፈቀድም፤ ከብት ማርባትም እንዲሁ። የገዳሙ ሥርዓት ነው። ጻድቁ አቡነ በትረ ማርያም ለዘጌ ቡና፣ ጌሾና ሎሚ ሰጡ ይባላል። ሰዉም በነዚህ ኖሯል።

እዚያ ደን ውስጥ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ የላይፕዚጉን ሕግ አሰብሁ። አንዱ በፓርላማ የወጣ፣ ሌላው በጻድቅ ቃል የታሰረ። ሁለቱም ግን ያሉት አንድ ነገር ነው፤ ከዚህ አታልፉ፣ ይህን አትንኩ፣ ቀሪው ይበቃችኋል። ለካ ቀላል ኑሮ በአንድ ሰው ጥሩ ፀባይ ብቻ አይጸናም። አጥር ይፈልጋል። የሚጠብቀው ማኅበር ወይም ገዳም ወይም እድር ይፈልጋል። የእናቴ ግቢ ይህ አልነበረውም። ከውጭ የመጣ ገንዘብ ሲመጣ የሚያስቆመው ነገር አልነበረም።

እዚህ ላይ ግን መባል ያለበት አለ። እኛ ውጭ የምንኖር ሰዎች አገር ቤት ስንመጣ የሸክላ ድስትና የማገዶ ጭስ ይናፍቀናል። "እንዴት ደስ ይላል!" እንላለን። ጭሱ የእናቶቻችንን ዓይን ነው ያጠፋው። እናቴ በልጅነቷ በድንጋይ ወፍጮ ፈጭታለች፤ ትከሻዋ ዛሬም ያማታል። ሰፈር ውስጥ ወፍጮ ቤት ሲከፈት ያዘነች ሴት አላውቅም። ጀርመናዊቷ ጎረቤቴ ማርማላታቸውን ሲጨርሱ ቧንቧ ከፍተው እጃቸውን ይታጠባሉ። እናቴ ውኃ የሚመጣበትን ሌሊት ጠብቃ በርሜል ትሞላለች። መብራት ሲጠፋ ሊጡ ይኮመጥጣል። በምርጫ የተያዘ ቁጠባና ያለ ምርጫ የመጣ እጦት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። እናቴ ወደ ድንጋይ ወፍጮ ትመለስ አልልም። የምለው እጇ የሚያውቀው ነገር ዋጋ ይሰጠው ነው። ሞተሩ ይግባላት፣ ሙያዋ ግን አይናቅባት።

ለፈትሉ የከፈልሁት ሰፈሩ ከለመደው በላይ ነው። እናቴ "ገበያ ታበላሻለህ" ብላ ተቆጣችኝ። ይበላሽ አልኋት።

ከዘጌ ስመለስ አንድ ገበሬ በጥቁር ላስቲክ ውስጥ ያለ የቡና ችግኝ ሰጥቶኝ ነበር። ወደ ጀርመን ልመለስ አራት ቀን ሲቀረኝ ከወንድሜ ጋር ሆነን ዲጂኖና መዶሻ ተዋስን። ከኩሽናው ጎን ያለውን ጥግ አንድ ሜትር ተኩል በአንድ ሜትር ተኩል ለካን። እናቴ በሩ ላይ ቆማ "ምን ሁነሃል? ስንት የወጣበት ሲሚንቶ!" አለች። መልስ አልሰጠኋትም። ግማሽ ቀን ፈጀብን። ከሥሩ የወጣው አፈር ጥቁር ነው፣ እርጥበት አለው። የማንጎው ሥር ጫፍ እስከዚያ ደርሶ ኖሯል፤ ደርቆ አገኘነው። የእኅቴ ልጅ ከትምህርት ቤት ስትመጣ ደብተሯን አስቀምጣ አፈሩን በእጇ ትፈረፍር ጀመር።

ችግኙን ላስገባው ስል እናቴ መጣች። ጎንበስ ብላ ቅጠሉን ነካችው። "የዘጌ ነው?" አለችኝ።

"የዘጌ ነው፣ እማዬ።"

ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጥብቃ አሰረች። "እዚያ አይደለም" አለች። "ወደዚህ ጠጋ አድርገው። በዚያ በኩል የውኃው ቱቦ ያልፋል።"