አፑን መቼ ትከፍተዋለች?

ባለፈው ቅዳሜ ደሴ፣ ሰኞ ገበያ አካባቢ አንዲት እናት ቤት ቡና ተጠርተን ነበር። ጦሳ ጉሙን ለብሷል፣ ብርዱ አጥንት ይገባል። አቦሉ ሳይቀዳ ክርክር ተነሳ።

አንዱ ኮምፒውተር የተማረ ልጅ ነው። ከጥቃት አምልጠው መጠለያ ለገቡ ሴቶች አፕ እየሠራ ነው። (ሆን ብዬ ነው መጠለያ ያልኩት። "ማረፊያ ቤት" ብል ፖሊስ ጣቢያ ይመስላችኋል።) ስልኩን አውጥቶ አሳየን። ሮዝ ነው። ሴቷ ከአምስት ፊቶች የዛሬ ስሜቷን ትመርጣለች፣ አፑ የእሷን ዓይነት ነገር ካለፈባት ሴት ጋር ያገናኛታል።

"ስሟን እንኳ አትጽፍም" አለ። ኮርቷል።

መጠለያ ውስጥ የምትሠራ ሴት አብራን ነበረች። ፈንዲሻዋን ስትቆረጥም ቆይታ፣ "መቼ ትከፍተዋለች?" አለችው።

"ሲመቻት።"

"ሲመቻት!" ሳቀች። "ጠዋት ሕፃኑን ታጥባለች፣ ትልቁ ትምህርት ቤት አልሄድም ብሎ ያለቅስባታል። ከሰዓት ፍርድ ቤት ቀጠሮ አላት። ማታ ልጆቹ ሲተኙ ስልኩ ባትሪ የለውም፤ ልጅ ሲጫወትበት ውሏል። ያኔ አምስት ፊት ደርድረህ ምረጪ ልትላት ነው?"

ልጁ አልተረታም። "ሌሊት እንቅልፍ ሲነሳትስ? ከጎኗ የተኛችው የራሷ መከራ አለባት። ማንን ትቀስቅስ?"

እዚህ ላይ ልክ ነበር። ማንም አልመለሰለትም።

ቡና የምታፈላው እናት ጀበናውን አስቀምጣ፣ "ልጄ፣ እኛ ጋ የጨነቃት ሴት ወዳጃ ይያዝላታል" አለች። "ዱበርቲዎቹ፣ ትልልቆቹ ሴቶች፣ ይሰበሰባሉ፣ ቡና ይፈላል፣ ዱዓ ይደረጋል። የፈለገች ታወራለች፣ ያልፈለገች በረካዋን ጠጥታ ትሄዳለች።"

"እማማ፣ ወዳጃው ላይ የባሏ አክስት ብትኖርስ?" አለች የመጠለያዋ ሠራተኛ።

ሁላችንም ዝም አልን። ወሎ ውስጥ ዘመድ ያልሆነ ሰው ከየት ይመጣል?

"ለዚህ እኮ ነው አፑ!" አለ ልጁ።

"ሲም ካርዱ በባልየው ስም ከሆነስ? ስልኩን የገዛው እሱ፣ የይለፍ ቃሉን የሚያውቀው እሱ። መጠለያው የት እንዳለ እንዳይታወቅ እኛ በር ላይ ምልክት እንኳ አንሰቅልም። ያንተ አፕ ያለችበትን ቦታ ቢያሳይ ማን ይጠየቃል?" ልጁ ስልኩን ኪሱ ከተተ።

እኔ የዚምባብዌን ነገር አነሳሁ። እ.ኤ.አ. በ2006 ሐራሬ ውስጥ አንድ የአእምሮ ሐኪም 14 አሮጊቶችን አሠልጥኖ ክሊኒክ ግቢ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጣቸው፤ የጨነቀው ሰው አጠገባቸው ተቀምጦ ያወራቸዋል። ጭንቀቱን ሾናዎች "ኩፉንጊሲሳ" ይሉታል፣ ማሰብ ማብዛት ማለት ነው። እኛስ "ሐሳብ ገደለኝ" አይደል የምንለው? የወንበሩን ምክር የጨረሱ ሴቶች በቡድን ተቀምጠው ቦርሳ እየሠሩ ያወራሉ። እጅ ሥራ ሲይዝ አፍ ይፈታል።

"ስፌት በይው" አለች እማማ፣ አክርማዋን እያነሳች።

ቶናው ላይ የመጠለያዋ ሠራተኛ ድምፅዋን ቀነስ አደረገች። "እኛ ጋ ሳሉማ ካንድ ድስት ነው የሚበሉት። ሽንኩርት እየላጡ የማያወሩት የለም። የሚብሰው ሲወጡ ነው። አንዷ ኮምቦልቻ ቤት ትከራያለች፣ አንዷ ሐይቅ ዘመድ ጋ ትገባለች። በሳምንቱ ደውላ 'ግድግዳው ያፈጥብኛል' ትለኛለች።"

እኔ ልጁን አፑን ጣለው አልለውም። ቦታውን ስቷል እንጂ። መጠለያ ውስጥ ላለች ሴት ሌላ የምትሞላው ነገር አትጨምርባት። ከወጣች በኋላ ላለው ሌሊት ይሥራ፤ እሱም በተራ ስልክ የሚደወል ድምፅ ይሁን። ገበሬው ከ2006 ዓ.ም ጀምሮ 8028 ደውሎ ስለ ዘርና ማዳበሪያ በአማርኛ ያዳምጣል፣ ዳታ አይጠይቀውም። በ2015 ክረምት የሞባይል ኢንተርኔት የተዘጋብን ሰዎች ይህን ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልገንም። ሴቷ ትደውል፣ ካሻት ሌላዋ ያለፈችበትን ስትናገር ሰምታ ትዝጋ። ማውራት ከፈለገች ደግሞ በዚያ ሌሊት ተረኛ የሆነች፣ ቀድማ የወጣች ሴት ታንሳላት። ተረኛዋም ይከፈላት፤ የሰው መከራ በነፃ መሸከም ድካም ነው። ስልኩ ባል እጅ ቢገባ ምን እንደሚሰማ ደግሞ ከሁሉ በፊት ያስብበት።

ልጁ ስንወጣ በር ላይ ያዘኝ። "ሮዙንስ ልተወው?" አለኝ።

ድምፅ ቀለም የለውም አልኩት።