ሁለት ወረቀት ሰጡኝ፣ ልዩነቱን የነገረኝ የለም

ሰሞኑን አራት ኪሎ አክስቴ ጋ ነኝ። ቡና ላይ የምርጫ ወሬ ተነሳና "በ2013 ስንመርጥ ሁለት ወረቀት ሰጡኝ፣ ሁለቱም ላይ ምልክት በምልክት ነው፣ ምንና ምን እንደሆኑ ግን የነገረኝ የለም ልጄ" አለችኝ። አንዱ ለተወካዮች ምክር ቤት አንዱ ለከተማው ምክር ቤት እንደነበር ከኔ ሰማች፣ ያውም ፓርላማው አፍንጫዋ ስር ሆኖ። በጣም ነው ያዘንኩት።

እኔ ሜሪላንድ የዜግነት መሃላ የፈጸምኩ ቀን በር ላይ ጠረጴዛ ዘርግተው የጠበቁን ሁለት ሽበታም ሴትዮዎች ነበሩ። የመራጭ ምዝገባ ፎርም አስሞሉኝና አንድ ወረቀት ሰጡኝ፣ ለአንድ ወንበር የሚወዳደሩት ሁሉ አንድ አይነት ጥያቄ ተጠይቀው የመለሱት በራሳቸው ቃል ጎን ለጎን ታትሟል። ታዲያ ማን ይሻላል ስላቸው "እሱን አንነግርሽም" አሉኝ። የሴት መራጮች ሊግ የሚባሉት ናቸው። ኬሪ ቻፕማን ካት እ.ኤ.አ. በ1920 ቺካጎ ላይ ሊጉን ስትመሰርት የሴቶችን ድምጽ የሚፈቅደው የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ማሻሻያ ሊጸድቅ ገና ስድስት ወር ይቀረው ነበር፣ መብቱ ሲመጣ ምን እናደርግበታለን ብለው ቀድመው ተነሱ ማለት ነው (በደቡብ ላሉ ብዙ ጥቁር ሴቶች ግን እስከ 1965ቱ የመምረጥ መብት ሕግ ድረስ በተግባር አልተፈቀደም፣ ይሄም መነገር አለበት)። ከ1976 እስከ 1984 የፕሬዚዳንት እጩዎችን ክርክር ያዘጋጁ ነበር፣ በ1988 የሁለቱ ፓርቲ ሰዎች ጠያቂውንም ታዳሚውንም እኛ እንወስን ሲሉ ትተውላቸው ወጡ። እኔ የማከብራቸው በዚህ ነው።

የኛ ሴቶችም መብቱን ካገኙ ቆዩ እኮ፣ በኛ አቆጣጠር በ1948ቱ ሕገ መንግሥት ነው፣ በመጀመሪያው ምርጫ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ተመርጠው ፓርላማ ገብተዋል። መራጩን የሚያስተምሩ ማህበራትም ነበሩ፣ በ2001 በወጣው አዋጅ ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጪ የሚያገኝ ማህበር በመብት ጉዳይ እንዳይሰራ ሲከለከል ብዙዎቹ ተዳከሙ፣ አዋጁ በ2011 ተሻረ ግን የላላ ነገር ቶሎ አይጠነክርም።

ግን አክስቴ የእድሯ ገንዘብ ያዥ ናት። ማን እንደከፈለ ማን እንደቀረ በቃሏ ታውቃለች፣ እዛ ደግሞ የማን ደጋፊ ነሽ ተብሎ ለቅሶ የሚቀር የለም፣ ሁሉም ይደርሳል። ታዲያ እነዚህ ሴቶች ከሚቀጥለው ምርጫ በፊት የወረዳውን ተወዳዳሪዎች አንድ አይነት ጥያቄ ጠይቀው መልሱን ለጎረቤት ቢያነቡ ምን ይከለክላቸዋል? ይሄንኑ አልኳት። ትንሽ አሰበችና ሁለተኛውን ስኒ እየቀዳችልኝ "መጀመሪያ የውሃውን ጻፊ፣ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ ይንገሩን" አለች።