ከጠረጴዛ ሥር ያየናት ፀሐይ

ጅማ ውስጥ አንድ የበጎ አድራጎት ክበብ አለን። ሮታሪም አይደለም፣ ላየንስም አይደለም። ከእነሱ የወሰድነው ደወሉን፣ ደረት ላይ የሚሰካውን አርማና ያረፈደ ሰው የሚከፍለውን ቅጣት ነው። ሮታሪ በ1905 እ.ኤ.አ. ቺካጎ ላይ ሲጀመር አራት ሰዎች ነበሩ። በየተራ አንዱ የሌላው ቢሮ እየሄዱ ይሰበሰቡ ስለነበር ነው ስሙ ከመዞር ጋር የተያያዘው። እናቶቻችን ይህን ቢሰሙ «ታዲያ ጽዋ ማኅበር ነዋ!» ይሉ ነበር። እኛ ግን አንዞርም። በወር አንዴ፣ እዚያው አዳራሽ፣ እዚያው ወንበር ላይ ነው የምንቀመጠው። ከሰው ወንበር ላይ የተቀመጠ ይኮረፋል።

ባለፈው ስብሰባ እንግዳ ነበረን። 350 ኪሎ ሜትር ገደማ አቋርጦ ከአዲስ አበባ የመጣ ወጣት ኢንጂነር ነው። ርዕሱ «ታዳሽ ኃይል ለማኅበረሰባችን» ይላል። ጥሪው ለምሽቱ 12 ሰዓት ነበር። ልጁ በ12 ሰዓት ተገኘ። አያውቀንም። ደወሉ የተደወለው 1 ሰዓት ከሩብ ላይ ነው። ቅጣት ሰብሳቢው ራሱ አርፍዶ ስለነበር የዕለቱ ቅጣት በይደር ታለፈ። ይህን ቃለ ጉባዔው ላይ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ የክበቡ ጸሐፊ ነኝ።

ሊቀመንበራችን እንግዳውን ለማስተዋወቅ 20 ደቂቃ ፈጁ። ስለ እንግዳው የተናገሩት ሁለት ደቂቃ ቢሆን ነው። ሌላው ስለ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት፣ ስለ ጅማ ቡናና ስለ ራሳቸው ነበር። «ብዙ ጊዜ አልወስድባችሁም» ብለው ሁለት ጊዜ ጨረሱ፣ ሁለት ጊዜ እንደገና ጀመሩ።

ልጁ ግን አዋቂ ነው። የጀመረውም ከደጃችን፣ ከግቤ ነው። ግልገል ግቤ አንድ በ1996 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር 184 ሜጋዋት ነበር አለ። ከዚያ የሚወጣው ውኃ ግን ዝም ብሎ አይሄድም። 26 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚረዝም ዋሻ ተራራውን ሰንጥቆ ግቤ ሁለት ላይ ይወርድና ሌላ 420 ሜጋዋት ያመነጫል። ከዚያ ኦሞ ወንዝ ይገባል። ታች ደግሞ ግቤ ሦስት በ1,870 ሜጋዋት ይጠብቀዋል። ያው ውኃ ሦስት ጊዜ ይሠራል ማለት ነው።

ቡና ነጋዴው ሐጂ እስከዚያ ድረስ ያንቀላፉ መስሎን ነበር። ብድግ አሉ።

«ገባኝ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ነው የምትለን።»

ልጁ ደስ አለው። «በትክክል፣ ሐጂ!»

«ቆይ አትቸኩል። የእኛ በረካ እየቀጠነ ነው የሚሄደው። የእናንተ በረካ እንዴት ወፈረ?»

አዳራሹ ወደ ልጁ ዞረ። እሱም የግቤ ሦስት ግድብ ቁመቱ 243 ሜትር መሆኑን፣ ከጀርባውም ብዙ ውኃ እንደሚያጠራቅም፣ በመንገድ ላይም ሌሎች ወንዞች እንደሚቀላቀሉት አስረዳ።

«እህ! መሀል ላይ ቡና ይጨመርበታል በለኛ» አሉና ሐጂ ተቀመጡ። ከዚያ ምሽት በእርግጠኝነት የገባን ነገር ይህ ብቻ ነው ብል አላጋነንኩም።

ስለ ጭብጨባችን አንድ ነገር ልበል። እኛ ሜጋዋት ሲጠራ እናጨበጭባለን። ሕዳሴ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ተመረቀ፣ 5,150 ሜጋዋት ሲባል ቆመን አጨበጨብን። ከ100 በታች ከሆነ ግን እጃችን አይነሳም። የአዳማ አንድ የነፋስ ኃይል 51 ሜጋዋት ነው ሲል አንድ ሰው ብቻ አጨበጨበ። እሱም የአዳማ ልጅ ነው።

ከውኃና ከነፋስ ቀጥሎ ሶላር መጣ። ያን ጊዜ እጆች ወጡ። የመጀመሪያው ተናጋሪ እንደ ደንቡ «የእኔ እንኳ ጥያቄ ሳይሆን አስተያየት ነው» ብሎ አስተያየቱን ሳይሰጥ ተቀመጠ። ሁለተኛው ለልጁ አዘነለት። «ወንድሜ፣ አሥራ ሦስት ወር ፀሐይ የሚባለው እኮ በጅማ በኩል አላለፈም። እዚህ ክረምት ከገባ ልብስ በሦስተኛው ቀን ነው የሚደርቀው።» ልጁ ደመና ሲሆን ጉልበቱ ይቀንሳል እንጂ ጭራሽ እንደማይጠፋ ነገረን። እንዲያውም ፓኔሉ ብርሃን እንጂ ሙቀት አይወድም፣ በጣም ሲግል ሥራው ይደክማል አለ። እንደ እኛ ነው ማለት ነው። ሐጂም ደገፉት። «እኛ ስንት ዘመን ማድረቂያ አልጋ ላይ ጀንፈል ቡና ስናደርቅ በምን መሰለህ? በሶላር ነዋ!»

ከዚያ ገንዘብ ያዣችን ተነሱ። እሳቸው ሲነሱ አዳራሹ ፀጥ ይላል፤ ያልከፈለ ብዙ ነው።

«የኔ ልጅ፣ ሁሉም ጥሩ ነው። ምጣድ ይጋግራል?»

ልጁ ውኃ ጠጣ። ከአዲስ አበባ እስከ ጅማ የፈራት ጥያቄ እንደሆነች ከፊቱ ታነባለህ። ሸሽቶ ማምለጥ ይችል ነበር፤ አልሸሸም። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይፈልጋል አለ። አንዱ ፓኔል 400 ዋት ቢሆን፣ ቀትር ላይ ሰማዩ ጠርቶ ዘጠኝ ያህል ፓኔል ያስፈልጋል። ማታ ከሆነ ደግሞ ባለ 12 ቮልት፣ ባለ 200 አምፒር ሰዓት ባትሪ እስከ ጥግ ቢሟጠጥ እንኳ 40 ደቂቃ ብቻ ነው የሚያቆየው።

ገንዘብ ያዣችን በጣታቸው ቆጠሩ። «ሩብ ሰዓቱን ምጣዱ እስኪግል ይወስደዋል። በቀረው አሥር እንጀራ ካወጣሁ ትልቅ ነገር ነው። አሥር እንጀራ ለእኛ ቤት ምሳ ነው።» ተቀመጡ። የሶላር ጉዳይ በዚሁ የተዘጋ መሰለ።

ልጁ ግን የመጨረሻ ካርዱን መዘዘ። ከቦርሳው መዳፍ የምታክል የሶላር መብራት አወጣ። ቀን ተሞልታ ማታ ታበራለች። አስቀመጣት፣ ማብሪያዋን ተጫነ። አዳራሹ ቦግ ብሎ ስለበራ መብራቷ ማብራቷ እንኳ አልታወቀም። ጣራውን ቀና ብሎ አየ። እኛም አየን። ያኔ ነው የገባኝ። ልጁ ንግግሩን ያሰናዳው መብራት ይሄዳል ብሎ ነው። «በሦስት ከተማ አቀረብኩ፣ በሦስቱም ሄዶልኛል» አለኝ በኋላ፣ በቅሬታ።

ያን ዕለት ግን መብራት እንደ ግትር እንግዳ አልነሳም አለ። በመጨረሻ ልጁ በትሕትና ጠየቀ። «ይቅርታ፣ ለአንድ ደቂቃ ብቻ ማጥፋት ይቻላል?»

እንዲህ ያለ ድንጋጤ በክበባችን ታሪክ አላየሁም። በገዛ እጃችን? ሊቀመንበሩ ወደ ማብሪያ ማጥፊያው የሄደውን አንድ ሌላ ልጅ በጩኸት መለሱት። «ተው! ካጠፋነው በኋላ ተመልሶ ባይመጣስ?» ሰውየው ማብሪያ ማጥፊያውና መብራት መሄድ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን አያጡትም። ዲግሪ አላቸው። ግን መብራትን በዕድል የሚያምን ሰው ዕድሉን አይነካካም። ሐጂም «የመጣን እንግዳ አያባርሩም» ብለው አጸደቁ።

ጉዳዩ ለውይይት ቀረበ፣ የመካከለኛ ሐሳብ አሸነፈ። መብራቷ ከፊት ያለው ጠረጴዛ ሥር ትገባለች፣ ጨርቁ እስከ ወለል ይለቀቃል፣ አባላት በየተራ ገብተው ያያሉ። እናም ገባን። ሱፍ የለበሱ፣ ክራባት ያሰሩ ሰዎች ተንበርክከው፣ ጉንፋን ይዞት ባሕር ዛፍ እንደሚታጠን ሰው የጠረጴዛ ጨርቅ ተከናንበው፣ ወገባቸውን ይዘው እየወጡ «ታበራለች፣ ታበራለች» ይላሉ። ሊቀመንበሩ ገብተው ቆዩብን። ስልካቸው ኪሳቸው ውስጥ ተዘግቶ እንደቆየ ያወቁት እዚያ ነው። ቃለ ጉባዔው «መብራቷ ማብራቷ በአባላት በአካል ተረጋግጧል» ይላል።

ቀጣዩ አጀንዳ ንዑስ ኮሚቴ ማቋቋም ነበር። ነገር ግን ስልኮች ይጮሁ ጀመር። ሁሉም ቤት ወሬው አንድ ነው፤ መብራት አለ። ገንዘብ ያዣችን ቦርሳቸውን አንጠለጠሉ። «ሊጤ ኮምጥጧል፣ ሳይሄድ ልድረስ።» ሌሎቹም ተከተሉ። አንዱ ልብስ ሊተኩስ፣ አንዱ ውኃ ሊስብ። በአምስት ደቂቃ ውስጥ ምልዓተ ጉባዔ አልቀረም። ለእንግዳው የጅማ በርጩማ በጥድፊያ ሰጥተን፣ ፎቶ ተነስተን ተለያየን።

ቤት ስደርስ ባለቤቴ ምጣዱ ላይ ናት። ፊቷ በእንፋሎት ወዝቷል።

«እንግዳችሁ ምን አለ?»

«ምጣድ አይጋግርም አለ።»

«ይሄን ለመስማት ነው ክራባት ያሰርከው? በል ሰፌዱን አቀብለኝ።»

4 ሰዓት ሲሆን ስልኬ ጮኸ። ልጁ ነው፣ ከሆቴል።

«ጋሼ፣ ይቅርታ በማታ። በእኛ በኩል መብራት ሄዷል።»

«ጄኔሬተር የላቸውም እንዴ?»

«ናፍጣ የለም አሉኝ። ደግሞ...» ዝም አለ። «ያቺ መብራት ጠረጴዛው ሥር ሳትጠፋ ቀርታለች መሰለኝ።»

አዳራሹ ተቆልፏል። ቁልፉ ሊቀመንበሩ ጋ ነው። ስልካቸው አሁንም ዝግ ነው።