ባለሙያ አራት

ትናንት አዲስ የሥራ መደብ መጠሪያ ተሰጠኝ። ደመወዙ የድሮው ነው። እስከ ትናንት «መዝገብ ቤት» ነበርኩ፤ ዛሬ «የሪከርድና ማኅደር ሥራ አመራር ባለሙያ አራት» ነኝ። አንድ፣ ሁለትና ሦስት እነማን እንደሆኑ እንጃ። ክፍሉ ውስጥ ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ።

መጠሪያዬ በወረቀት ታትሞ የቢሮዬ በር ላይ በፕላስተር ተለጠፈ። የድሬ ሙቀትና ፕላስተር ደግሞ አይስማሙም። ምሳ ሳይደርስ አንዱ ጥግ ተላቀቀ። ከሰዓት ቬንትሌተሩ ሲዞር ወረቀቱ መሬት ወረደ። ለጠፍኩት። ወደቀ።

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» የሚለውን አባባል እወደዋለሁ። ይሄን ግን ያወጣው ኮሚቴ ነው፤ ለዚያውም አበል እየበላ። የድሮዎቹ ይሻሉ ነበር። ፊታውራሪ ከፊት ይዘምታል። ቀኛዝማች በቀኝ፣ ግራዝማች በግራ። ነጋድራስ የነጋዴ አለቃ ነው። በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ ደርሶ ድሬን ድሬ ካደረጋት በኋላ የመጣው የፈረንሳዮቹ «ሼፍ ደ ጋር» እንኳ የጣቢያ አለቃ ማለት ነው፣ አለቀ። ባቡር ሲዘገይ ማን ላይ እንደሚጮህ ይታወቃል።

በኋላ ቢፒአር የሚሉት የመሥሪያ ቤት አሠራር ለውጥ መጣና አለቃችን «የሥራ ሂደት ባለቤት» ተባሉ። ሂደቱ የእሳቸው ከሆነ እኛ ተከራዮች ነበርን? የእህቴ ሠርግ ሐረር ነበር፤ በሚኒባስ አንድ ሰዓት ቢሆን ነው። ሁለት ቀን ፈቃድ ጠየቅኩ። «ሂደቱ ይስተጓጎላል» አሉኝ። ሁለቱንም ቀን መብራት ጠፍቶ እጃችንን አጣጥፈን ዋልን! እህቴ እስከ ዛሬ የሠርጓን አልበም በከፈተች ቁጥር ትወቅሰኛለች። ቤት አከራዬ እንኳ «ሠርግ አለብኝ» ብዬ ኪራይ ሳዘገይ ዝም ብለውኛል። ባለቤት!

ደግነቱ አገሩ ድሬ ነው። እዚህ «እርስዎ» ብዙም አይበረክትም። ዛሬ ጠዋት ከቀፊራ ገበያቸውን ትተው የመጡ እናት በሩን ገፋ አድርገው ገቡ።

«አቦ አንተ! ፋይሌ የታለ?»

ባለሙያ አራት ብድግ አለ። መደርደሪያውን ሳገላብጥ ዓይኔ ወለሉ ላይ አረፈ። ወረቀቱ እንደገና ወድቋል፤ «ሥራ አመራር» የሚለው ላይ የሴትዮዋ ሸበጥ ታትሟል። ፕላስተሩም አልቋል።

ፋይሉን ግን አላገኘሁትም። ነገ ይመለሱ ብያለሁ።