ማስተካከያ፦ ቁጥጥር የሚደረግበት የአየር ክልል ዝግ ሰማይ አይደለም

ባለፈው ጽሑፌ የድሬዳዋን አውሮፕላን ማረፊያ በምሳሌነት ጠቅሼ፣ በአነስተኛ ማረፊያ ዙሪያ ቁጥጥር የሚደረግበት የአየር ክልል (የበረራ ተቆጣጣሪዎች በረራዎችን የሚመሩበት ሰማይ) ሲቋቋም ትንንሽ አውሮፕላኖች እንደሚታገዱ፣ ከ200 ሜትር በታች ያለው ሰማይ ግን ነፃ እንደሚሆን ጽፌ ነበር። ሁለቱም ስህተት ናቸው።

ትክክለኛው በዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ስምምነት (በቺካጎ ስምምነት) 11ኛ አባሪ ላይ ሰፍሯል። ቁጥጥር ያለባቸው የአየር ክልል ምድቦች ከ«ኤ» እስከ «ኢ» አምስት ናቸው። በትንንሽ አውሮፕላኖች እንደተለመደው በመሣሪያ ሳይመራ በዓይኑ እያየ የሚበር አብራሪ የሚከለከለው በ«ኤ» ብቻ ነው። በ«ቢ»፣ በ«ሲ» እና በ«ዲ» በሬዲዮ ፈቃድ ተቀብሎ ይገባል፤ በ«ኢ» ፈቃዱም አይጠየቅም።

ሁለተኛው ስህተቴ ይበልጥ ያሳስበኛል። የ200 ሜትሩ ወለል ከፍ ብሎ ለሚጀምረው የቁጥጥር አካባቢ የተቀመጠ ነው። የማረፊያው የቁጥጥር ቀጣና ግን ከመሬት ይጀምራል፤ አውሮፕላኖች ለማረፍ በሚመጡበት አቅጣጫም ከማረፊያው መሐል ቢያንስ 9.3 ኪሎ ሜትር ይዘልቃል። ድሬዳዋ ከማረፊያዋ ብዙ አትርቅም። ጽሑፌን አምናችሁ ለሰርግ ቀረጻ ድሮን ዝቅ አድርጋችሁ ልታበሩ ያሰባችሁ፣ እባካችሁ አታብሩ። አስቀድማችሁ የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣንን ጠይቁ። የቀድሞውን ጽሑፍ አርሜዋለሁ፤ ያጋራችሁት ይህንንም አጋሩልኝ።