እድር «ሬሳ ከመቅበር ያለፈ ሚና የለውም» ለሚሉ

ሰሞኑን በአንድ የቴሌቪዥን ውይይት ላይ ስለ ማኅበራዊ ትስስር ሲያስረዱ የነበሩ ባለሙያ፣ እድር ሬሳ ከመቅበር ያለፈ ሚና እንደሌለውና የተራራቀውን ሕዝብ የሚያቀራርበው ተከታታይ ሥልጠና መሆኑን ተናግረዋል። አብረዋቸው ከተቀመጡት አንድም ሰው አለመቃወሙ ከንግግሩ የበለጠ አሳዝኖኛል።

ለመሆኑ ሬሳ መቅበር ከመቼ ወዲህ ነው ተራ ጉዳይ የሆነው? የእድር ደንብ አባሉን ጎረቤትህን ውደድ ብሎ አያዝም። ወርኃዊ መዋጮውን እንዲከፍል፣ ጥሩምባ ሲነፋ ድንኳን ሊተክል እንዲወጣ፣ ቀብር እንዲሸኝና ለቅሶ ቤት እንዲቀመጥ፣ ከቀረም መቀጫ እንዲከፍል ያዛል። ኃይሉም ያለው እዚሁ ላይ ነው። በፖለቲካ ተኳርፈው ሰላምታ የተነፋፈጉ ሁለት ጎረቤታሞች፣ ከመካከላቸው አንዱ ይቅርታ ሳይጠይቅ፣ የድንኳኑን ምሰሶ ግራና ቀኝ ይዘው ሊያቆሙ ይገደዳሉ፤ ማታ ደግሞ በአንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ከአንድ ሰሐን ንፍሮ ይዘግናሉ። ክርስቲያኑ የሙስሊም ጎረቤቱን ጀናዛ እስከ መቃብር ይሸኛል፤ ሙስሊሙም በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ቆሞ ፍትሐቱ እስኪያበቃ ይጠብቃል። ይህ በዓመት ውስጥ ደጋግሞ፣ ዕድሜ ልክም የሚፈጸም ግዴታ በመሆኑ፣ ርኅራኄ ከስሜት አልፎ ልማድ ይሆናል። አበል ተከፍሎበትና የምስክር ወረቀት ታድሎበት የሚበተን የሁለት ቀን ሥልጠና ይህን ሊያደርግ ከቶ አይችልም።

«ከቀብር ያለፈ ሚና የለውም» የሚለውም ቢሆን ሐሰት ነው። ኤችአይቪ ቤት ለቤት ሰው በጨረሰበት ዘመን፣ በርካታ የአዲስ አበባ እድሮች ደንባቸውን አሻሽለው የታመመውን ሲያስታምሙና ወላጅ አልባ ሕፃናትን ሲደግፉ የነበሩት፣ ዘመድ ሳይቀር ከሕመምተኛው በሸሸበት ወቅት ነው።

በብሔር ወይም በሃይማኖት ተከልለው የተመሠረቱ እድሮች መኖራቸውን አልክድም። የሰፈር እድር ግን አባሉን የሚመዘግበው በሚኖርበት መንደር ነው፤ ስለዚህም ነው መንደር ሲፈርስ አብሮ የሚበተነው። ከመሀል አዲስ አበባ፣ ከካዛንቺስ፣ በልማት ተነሥተው ወደ ከተማዋ ዳርቻ፣ ወደ ገላን ጉራ የሄዱትን ጠይቁ፤ ቤት መተካቱ አንድ ነገር ነው፣ ለዓመታት መዋጮ የተከፈለበትና ቀባሪ የተገኘበት ማኅበር መበተኑ ግን በየትኛው የካሳ ቀመር ይሰላል?

የከተማው አስተዳደር በልማት ምክንያት ነዋሪ ሲያነሣ የአንድ እድር አባላትን በአንድ አካባቢ ያስፍር፤ በየአዲሱ መንደርም ለድንኳን መትከያና ለዕቃ ማስቀመጫ የሚሆን ቦታ በፕላኑ ላይ ይያዝ። ለሥልጠና የሚመደበውን ገንዘብ በተመለከተም፣ አዳራሽ ከመከራየቱ በፊት የእድር ዳኞችን፣ ማለትም መሪዎቹን፣ ጠርቶ ምን እንደጎደላቸው መጠየቅ ይቅደም።